የውሃ አባት በጉቶው ላይ ዳግመኛ እንደ ነገሡ

ግድቡ በተሠራ በአራተኛው ዓመት፣ የውሃ አባትነት በተሾሙ በአራተኛው፣ የጎማ ቦቲያቸው በተቀደደ በሁለተኛው፣ ወርኃ ዝናም ተፈጽሞ በጋ በገባ ጊዜ፣ ለትእዛዝ የማይደክሙ፣ ለአካፋ የማይቸኩሉ፣ ቦይ ከፋች፣ ተራ አስከባሪ፣ በቅጽል ስማቸው አባ ጉቶ የተባሉት ኃያል ያደረጉትን እንጽፋለን።

ስሙም የወጣላቸው እንዲህ ነው። ግድቡ ሲሠራ ሕዝቡ አፈር ሲሸከም፣ እርሳቸው በመካከል በነበረ ትልቅ ጉቶ ላይ ተቀምጠው ያዝዙ ነበር። ጉቶው ይነቀል በተባለ ጊዜም መነሣቱ ከበዳቸውና አዋጅ አስነገሩ፦ «ስማ፣ ስማ! ጉቶው የግድቡ አከርካሪ ነውና እንዳትነካ! አፈሩን ዙሪያውን ደልድል!» ሕዝቡም ደክሞት ነበርና ደለደለ፤ በመጨረሻው ቀን እርሳቸው ተነሡ፣ ጉቶው ተቀበረ።

ወእምዝ ጉቶው በሰበሰ። ውሃ የሚወስደው እያሳሳቀ ነው፤ ግድቡ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ አባ ጉቶ በላዩ ሲንጎራደዱ፣ ከውሃው ዳር አንድ ቀዳዳ ውሃውን ሲምግ፣ በማዶም ጭቃ እየተፋ በእኅታቸው የበርበሬ መደብ ላይ ሲለቅ አዩ። እኅታቸው ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በዚያ በርበሬ የምታስተምር ናት፤ ውሃው ካለቀ ደግሞ እስከ ክረምት የማንም ችግኝ አይተርፍም። ጀግናው ቦታውን አወቁት፤ ጉቶው የተቀበረበት ነው። አካፋ በእጃቸው አልነበረም፣ ይዘው አያውቁምና፤ ስለዚህ ካላቸው ሁሉ ሰፊውን፣ መቀመጫቸውን፣ በቀዳዳው ላይ አሳረፉ። ውሃው ስቦ አጣበቃቸው፣ ፍሳሹም ቆመ።

እስከ ደረታቸው ተነክረው አዋጅ ነገሩ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጭቃህን በጆንያ ይዘህ ና! የዘገየህ እንደሆነ የውሃ ተራህ ለጎረቤትህ ነው!»

በቀኝ የላይ መስኖ ሰዎች ከነበያጃቸው፣ በግራ የታች መስኖ ሰዎች ከነፀጉር አስተካካያቸው፣ በመካከል ሁለት አህዮች፣ በስተኋላም የጀግናው አማት ወንበር ተሸክመው፣ ለማየት፣ መጡ። ሠራዊቱም ጭቃው ከማን ማሳ ይቆፈር ብሎ እስከ ቀትር ተከራከረ። ጥሩው ሸክላ አፈር ያለው በአባ ጉቶ የሽንኩርት ማሳ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን ጠፋ። በዚህ መካከል እኅታቸው ከመደቧ ላይ የራሷን አዋጅ አወጀች፦ «ወንድም ጋሼን ማንም እንዳያነሣው! የተነሣ እንደሆነ በርበሬዬም አለቀ፣ እኔም እስክሞት አልምረው!»

ያን ጊዜ ጀግናው የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፦ «ጉቶውን አትንኩ ያልሁት እኔ ነኝ! ከኔ ማሳ ቆፍሩ! ኧረ በእናታችሁ ፍጠኑ፣ ከታች የሆነ ነገር እየነከሰኝ ነው!»

ሠራዊቱ ሳቀ፣ ስቆም ሠራ። ሽንኩርቱ ተገለበጠ፣ ጆንያው በማዶ ተደረደረ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎልማሶች ተረባርበው ኃያሉን ነቀሏቸው፤ በስፍራቸውም ሸክላ ተጠቀጠቀ። ሱሪያቸው ግን እስከ ዛሬ በግድቡ ውስጥ አለ።

ኦ ግሩም ወመድምም! በርበሬው ቀላ፣ ልጆቹም ተማሩ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይባላል፤ አባ ጉቶ ግን፣ ዝናቸው ይስፋ፣ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቁጭ ብለው አወረዱ።