አባቶችን ይቅርታ ያስተማርኩ ዕለት

በዚህ አገር ስለ ይቅርታ ምንም የማያውቀው ሰው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ይቅርታን በፕሮጀክተር የሚያስተምረው ነው። እንዴት አወቅህ አትበሉኝ... እንጀራዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት አዳማ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ለቄሶች፣ ለሼሆችና ለፓስተሮች የሁለት ቀን ሥልጠና ስሰጥ ነበር። መቼም አዳማ የመጣ ሰው ወይ ሊሠለጥን ወይ ሊያሠለጥን ነው። ርዕሴ «ሰባቱ የይቅርታ ደረጃዎች» ይላል። ዕድሜ ልካቸውን ባልና ሚስት፣ ገዳይና የሟች ወገን ሲያስታርቁ ለኖሩ ሽማግሌዎች እስክሪብቶና ደብተር አድዬ «ለመሆኑ ይቅርታ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ድፍረቴን እዩልኝ።

ሦስተኛው ደረጃ፣ «በዳይ ቀድሞ ይሄዳል» የሚለው ላይ ስደርስ፣ እዚሁ አጠገብ ካለችው ከደራ የመጡት ሼህ ከድር እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ጎረቤቴ አልማዝ እህትህ አይደለች?»

«ነች።»

«ታዲያ መቼ ታረቃችሁ?»

ከእናንተ ምን እደብቃለሁ... ከታላቅ እህቴ ጋር ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሆኖናል። የባሏ እናት እማማ ዘነቡ ሲሞቱ ቀብር አልደረስኩም። ሐዋሳ ላይ «የቤተሰብ ፍቅር» የሚል ሥልጠና እየሰጠሁ ነበር። በቴሌግራም የሻማ ሥዕል ላኩላት። ተማሪ ሳለሁ ሦስት ዓመት ሙሉ ከእጃቸው ለበላሁት ሴትዮ፣ ሻማ በቴሌግራም! አልማዝ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ «ወንድም የለኝም» አለች፤ እኔም ሰው ፊት አዋረደችኝ ብዬ አኮረፍኩ። በየቀኑ ትናፍቀኛለች፤ ስልክ አንስቼ መደወል ግን ሞት ሆነብኝ።

«ሻይ ዕረፍት እንውጣ» አልኩ። ማን ሰምቶኝ... ሼህ ከድር አልማዝ ጋ ሊደውሉ ስልካቸውን ይዘው ወደ በረንዳ ወጡ፤ ፊት ወንበር ላይ የነበሩት ቄስ፣ አባ ገብሬ፣ ድንጋይ ፍለጋ ተነሡ። በዳይ ይቅርታ የሚጠይቀው ድንጋይ ተሸክሞ ነዋ! ሆቴሉ ግን ሁለመናው ሴራሚክ ነው። ከምሳ በኋላ አልማዝ ከደራ በሚኒባስ ስትደርስ፣ ማጅራቴ ላይ አበባ የተተከለበት ማሰሮ ከነአፈሩ ተጭኖብኝ አጎንብሼ ነበር።

«ይቅር በይው፣ ልጄ» አሏት አባ ገብሬ።

አልማዝ እኔን አየች፤ ግድግዳው ላይ የበራውን ስላይድም አየች። «ስንተኛው ላይ ደርሷል?»

«ሦስተኛው ላይ» አሉ ሼህ ከድር።

«ይቀጥላ። እስኪጨርስ ሻይ ልጠጣ» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አንድ ቀን ተኩል የሚፈጁትን አራት ደረጃዎች በአምስት ደቂቃ ጨረስኳቸው። ላቤ ከአፈሩ ጋር እየተቀላቀለ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ያለቀስኩት ግን ከአፈሩ የተነሣ አይደለም። «አጥፍቻለሁ፣ እቴቴ» አልኩ። ይሄ ከስላይዶቼ አንዱም ላይ የለም።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችና ማሰሮውን ራሷ አወረደችልኝ። አቅፋኝ ስታበቃ ኮሌታዬን እያራገፈች «በል ና፤ ደራ ሄደን እማማ ዘነቡ መቃብር ላይ ታለቅሳለህ» አለችኝ።

«አሁን? ሁለት ዓመት ዘግይቼ?»

«ምን ቸገረህ፤ እሳቸው እንደሆኑ የትም አልሄዱም።»