ከወይራው ሥር ያለው ጠባቂ

(የካቲት ማለዳ፣ ገሊላ ውስጥ ድንጋያማ ኮረብታ። ፈህሚና የአክስቱ ልጅ ሐምዳን በየግላቸው ባዶ ጆንያና ቢላ ይዘው ከቋጥኝ ጀርባ በሆዳቸው ተኝተዋል። ማዶ፣ ወይራው ጋ፣ አረንጓዴ ጃኬት ይታያል።)

ሐምዳን፦ አሁን አዛጋ።

ፈህሚ፦ አላዛጋም! የተፈጥሮ ሀብት ጠባቂ በሥራ ሰዓት አያዛጋም።

ሐምዳን፦ አፉ ከዚህ ይታይሃል?

ፈህሚ፦ እኔ የማየው አቋሙን ነው። የሠለጠነ ሰው አቋም! ግማሽ ሰዓት ሙሉ እግሩን እንኳ አልቀየረም።

ሐምዳን፦ ቆሞ ተኝቶ ይሆናላ። የእኛ አህያ እንደሱ ነው የሚተኛው።

ፈህሚ፦ ቂጥህን ዝቅ አድርግ! ከማዶ ሲያዩት ሌላ ኮረብታ ነው የሚመስለው።

ሐምዳን፦ ሆዴ ሥር አኩብ በቅሏል፤ እሾሁ ጨረሰኝ። ቆረጥ ላድርገውና...

ፈህሚ፦ እንዳትነካው! አኩብ በሕግ የተጠበቀ የዱር ተክል ነው።

ሐምዳን፦ ከማን ነው የሚጠበቀው?

ፈህሚ፦ ከእኛ ነዋ! ዘሩ እንዳይጠፋ።

ሐምዳን፦ አያታችን ዕድሜዋን ሙሉ ለወጥ ስትቆርጠው ኖረች። ጥርሷ አለቀ እንጂ አኩቡ አላለቀም። «ሥሩን አትንኩ፣ ለዘር ተዉለት» ትል ነበር።

ፈህሚ፦ ሕጉን ሲያወጡ እሷን አልጠየቋትም።

ሐምዳን፦ ፍየሎቹስ? ሲግጡት ይውሉ የለ?

ፈህሚ፦ ፍየል ሕግ አታነብም።

ሐምዳን፦ እኔስ መቼ አነባለሁ?

ፈህሚ፦ እሱማ ያስታውቅብሃል። ግን አንተን ይከሱሃል፣ ፍየሏን አይከሷትም። ዳኛ ፊት ቆመህ «ለድስት ነው ጌታዬ» ብትል ማን ይሰማሃል?

ሐምዳን፦ ታዲያ እናቴን ምን ልበላት? አርብ እህቶቼ ከነልጆቻቸው ይመጣሉ። አምና ድስቱ ውስጥ በአኩብ ፈንታ ባሚያ ገባ። ወላሂ፣ ባሚያውን አይታ አለቀሰች።

ፈህሚ፦ (ጉሮሮውን እየጠረገ) አምና... አምና አኩቡ ጥሩ አልነበረም።

ሐምዳን፦ ጥሩ ነበር። አንዱ ቀድሞን አጭዶት ነው እንጂ።

ፈህሚ፦ ፍየል ትሆናለች።

ሐምዳን፦ በቢላ የምትበላ ፍየል?

ፈህሚ፦ (ቶሎ ብሎ) ስማ፣ ዘዴ አለኝ! እኔ በደረቴ እየተሳብኩ ወደ መንገዱ እወርዳለሁ። አንተ እዚሁ ቆይ። ከያዘህ...

ሐምዳን፦ ፈህሚ ነው ያመጣኝ እላለሁ።

ፈህሚ፦ አትልም! ደደብ ነኝ ትላለህ። አንተ ስትለው ያምናል።

ሐምዳን፦ እሺ። ግን ጆንያህን ተውልኝ፤ አንተ ላይ ከተገኘ ማስረጃ ነው።

ፈህሚ፦ (ተገርሞ) ከተወለድክ ዛሬ ገና ቁም ነገር ተናገርክ!

(ፈህሚ ሱሪውን እሾህ እየቀደደበት ተስቦ ይወርድና መንገድ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ይደበቃል። ፀሐይ ከፍ ትላለች። ሐምዳን እያፏጨ ይመጣል፤ በየትከሻው አንድ አንድ ሙሉ ጆንያ ተሸክሟል፤ አረንጓዴውን ጃኬትም ለብሷል።)

ፈህሚ፦ (አንገቱን ብቻ አውጥቶ) ጠባቂውን ጃኬቱን ገፈፍከው?! በቃ፣ አለቀልህ!

ሐምዳን፦ የአባቴ ጃኬት እኮ ነው። ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ ወይራውን ያለበስኩት እኔ ነኝ።

ፈህሚ፦ እና... ሰውየውስ?

ሐምዳን፦ ሰውየው ወይራው ነዋ። እግሩን የት ይቀይረው?

ፈህሚ፦ ለምን ሲባል?!

ሐምዳን፦ የአምናዋ ፍየል ዘንድሮ እንዳትቀድመኝ። የእናቴ ምክር ነው። «ፈህሚ ሕግ ያውቃል፤ ሕግ የሚያውቅ ሰው ከባዶ ጃኬትም ይሸሻል» አለችኝ።

ፈህሚ፦ አክስቴ ናት እንዲህ ያለችው?! (ፊቱ በርቶ) ቆይ! እውነተኛው ጠባቂ ቢመጣብህስ?

ሐምዳን፦ መጥቶ ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ እየቆረጥኩ ሳለ፣ ለወይራው ከሩቅ እጁን አውለበለበለት። የሥራ ባልደረባው መስሎት ሄደ።

ፈህሚ፦ (ከቁጥቋጦው ይወጣል፤ የሱሪው መቀመጫ የለም) አርብ... ለእኔም ይተርፋል?

ሐምዳን፦ ለአንተማ እናቴ ቦታ ይዛልሃለች። ጓዳ ውስጥ፣ ቢላ ይዘህ፣ የሁለቱንም ጆንያ እሾህ የምትመለምለው አንተ ነህ።

ፈህሚ፦ የሁለቱንም?!

ሐምዳን፦ አትፍራ የአጎቴ ልጅ፤ እሾሁን በሕግ የሚጠብቀው የለም።