በኪሴ የደበቅኋት ሸብ

ዛሬ መርሳ ላይ፣ ሰው በሞላበት ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀብሬው የኖርኩትን ጉድ አንድ ሽማግሌ ቆፍሮ አወጣብኝ!

ሽማግሌው ሰዒድ ነው። ጓደኛዬ ነው። «ነበር» ብዬ ልጽፍ አሰብኩና ተውኩት።

ፀጉር ቆራጩን ልጅ «ማሽኑን በአልኮል ጥረገው» አልኩት። ጠረገው። «አላየሁም፣ ድገመው» አልኩት። ደገመው። ለሦስተኛ ጊዜ ድገመው ስለው፣ ወረፋ ይዞ የተቀመጠው ሰዒድ በሳቅ ተንከተከተ።

«ልጄ፣ ይኼን ሰውዬ አታውቀውም! የሸቡ ባለቤት እኮ ነው!» ብሎ ሁሉን ዘረገፈው።

ከእሱ አፍ ከምትሰሙት እኔው ፖስት ላድርገው ብዬ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ጣቴም ለስልክ ወፍራም ነው። ታገሡኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ወደ ማብቂያው ላይ፣ እኔም ፀጉር ቆራጭ ነበርኩ። ሱቅ የለኝም። ከደሴ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሾላ ሥር፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ አንድ ምላጭ።

አንድ! ለአገሩ ሁሉ!

ጧት የከባድ መኪና ሹፌር ይላጫል፣ ቀጥሎ የውርጌሳ ገበሬ፣ ቀጥሎ ሰዒድ። ምላጩ የሚቀየረው ሲደነዝዝ ነው። ማን ምን ያውቃል?

አንድ ቀን ቀበሌ ስብሰባ ጠራ። የቀረ ሰው የስኳር ራሽኑ ይቀርበታል፣ ስለዚህ የቀረ የለም። ሲስተር አልማዝ የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ ተነሥታ፣ ኤድስ የሚባል መድኃኒት የሌለው አዲስ በሽታ መምጣቱን ነገረችን። ከትዳር ውጭ ስለመሄድ ስታወራ ወንዱ ሁሉ ጫማውን ያያል። ጫማ የሌለው እግሩን ያያል።

«በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም» አለች። ሰው እፎይ አለ።

«የሌላ ሰው ደም በነካ መርፌና ምላጭ ግን ይተላለፋል።»

የአዳራሹ ራስ ሁሉ ዞሮ እኔን!

በማግሥቱ ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ዝንብ ብቻ ነበር። በሁለተኛውም ቀን። ቤቴ ደግሞ የሚበላው ከዚያች ወንበር ነው። በሦስተኛው ቀን ሰዒድ መጣና ጥምጥሙን አውልቆ ተቀመጠ።

«ላጨኝ እንጂ! አንተን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?»

ይችን ቃል ያዙልኝ።

እኔ ግትር ነኝ፣ ሞኝ ግን አይደለሁም። ደንበኛው ሁሉ የየራሱን ምላጭ እንዲገዛ አደረግሁ። ምላጩን በክብሪት ቀፎ ከትቼ፣ የየሰዉን ቀፎ በየቀለሙ ክር አስሬ ሾላው ላይ ሰቀልኩ። የሰዒድ አረንጓዴ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ቀይ (ሌላ ቀለም ማን ይደፍራል?)። ሾላው በአንድ ሳምንት የሠርግ ቤት መሰለ። ሰዉም ተመለሰ!

ሲስተር አልማዝ ሰምታ ደስ ብሏት መጣች። «ጋሽ ተገኘ፣ በገበያ ቀን ለሕዝቡ ያሳዩልን» አለችኝ። እኔ አርአያ!

ነጭ ሸሚዝ ለበስኩ። ሾላው ሥር ገበያው ከበበኝ። መጀመሪያ አንድ ገበሬ በራሱ ምላጭ ላጨሁ። ጭብጨባ። ትንሽ ስለደማ ሸብ አሻሸሁት። መቼም ሸብን ታውቃላችሁ፣ ደም የሚያቆመው ነጭ ድንጋይ። ምላጩንም ወገቤ ላይ በታሰረው ጨርቅ ጠረግሁ። ቀጥሎ ሰዒድ ተቀመጠ። በራሱ ምላጭ ግማሽ ራሱን ላጨሁ፣ ምላጩን በዚያው ጨርቅ ጠረግሁ፣ ያችኑ ሸብ አነሣሁ።

«ጋሽ ተገኘ» አለች ሲስተር አልማዝ ቀስ ብላ፣ «ጨርቁና ሸቡስ የማን ነው?»

«የሁሉም ነዋ! ሸብ እኮ ጀርም ይገድላል!»

«ማን ነገረዎት?»

«ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ! አንቺ ትናንት ተወልደሽ ልታስተምሪኝ ነው?»

ዝም ብል ምን ነበረበት? ይኼኔ ባለቤቴ ዘነበች ከምትሸጠው ሽንኩርት ተነሥታ፣ ያን ገበያ የሚያቋርጥ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ይገድላል ካልክ የራስህን ለይተህ ኪስህ ውስጥ የቋጠርከው ለምንድን ነው?»

አዎ። እሷ አልዋሸችም።

ከስብሰባው በማግሥቱ፣ መርሳ ላይ ሰው እንዳያየኝ ግራና የምትባለው ጎረቤት ከተማ ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ ለራሴ ብቻ አዲስ ሸብ ገዝቼ ነበር። «ደም» የሚለውን ቃል ስሰማ ወዲያው ገብቶኛል። ገብቶኝም ለሌላው ያችን የድሮዋን አሻሽ ነበር። አሁን ሁሉንም ብቀይር፣ እስከ ዛሬ ሰው ስበክል ኖሬአለሁ ማለቴ ሊሆን ነው። እኔ ደግሞ ተሳሳትኩ ከምል ጥርሴን ብነቀል ይሻለኛል።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሰዒድ ብቻ አልሳቀም።

«ለእኔ የአገሩን፣ ለራስህ የግልህን?» አለኝ። በግማሽ የተላጨ ራሱን ጠምጥሞ፣ የክብሪት ቀፎውን ከሾላው በጥሶ ሄደ።

ሳምንት ሙሉ እንደዚያው ዋለ! ሌላ ቆራጭ ጋ አልሄደም። እኔም ጋ አልመጣም። መንገድ ላይ ሳየው ከጥምጥሙ ሥር ያ ግማሽ ራስ ይታየኛል። እሱ ከመቀመጡ በፊት ስንት ሹፌር እንደተቀመጠም ይታየኛል።

ጨርቁንና አሮጌዋን ሸብ ሽንት ቤት ጣልኩ። ግራና ሄጄ ትልቅ ሸብ ገዛሁ፣ ፈልጬ ለየሰዉ ቀፎ አንዳንድ ቁራጭ ጨመርኩ። የሰዒድን ቁራጭ ይዤ ቤቱ ሄድኩ።

«ፈርቼ ነው» አልኩት።

«ፈሪ መሆንህንማ ድሮም አውቃለሁ» አለኝ። «ያናደደኝ ብቻህን መፍራትህ ነው።»

ውኃ አፈላሁ። ምላጩን ቀቀልኩ።

ጥምጥሙን አወለቀና «የተላጨውም ግማሽ አብቅሏል፣ ሁለቱንም ላጨኝ» አለ።

እዚያ ወንበር ላይ ይላጩ ከነበሩት ሹፌሮች የአንዳንዶቹን መርዶ ከዓመታት በኋላ ሰማሁ። በምን እንደሞቱ ማን ጠየቀ? እኔ ግን አሰብኩ። የኤድስ ምርመራ አገራችን ሲገባ ሐሳቤን ለሰዒድ ነገርኩት፣ አብረን ሄድን። ውጤቱ እስኪነገረን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ በዚህኛው ጊዜ እኩል ፈራን። ሁለታችንም ነጻ ነን ሲሉን፣ አልቅሶ ያሳፈረኝ እሱ ነው። (ይኼንን ዛሬ ፀጉር ቤት አልተናገረም!)

እንግዲህ ዛሬ ወጣቱ ሁሉ ሲስቅብኝ አንገቴን ደፍቼ ተቆረጥኩ። ስነሣ ሰዒድ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ነጠላውን አስተካከለ፣ ልጁን ቀስ ብሎ ጠራው።

«ለእኔም እንደ እሱ ሦስቴ ጥረግልኝ።»

እስቲ በኮሜንት ፍረዱኝ፦ ታዲያ መሳቂያው እኔ ብቻ ነኝ?