የብረት ቁም ሣጥኑን የመክፈት ጉዳይ

የቤተሰብ ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን
ቦታ፦ ሳሎን፣ ከብረት ቁም ሣጥኑ ፊት ለፊት
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 7፡50። የተጠራው ለ7፡00 ቢሆንም ሰብሳቢው መነጽራቸውን ሲፈልጉ ቆይተዋል።

የተገኙ አባላት፦
1. አባት፣ ሰብሳቢ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ። በዚህ ቤት መጥረጊያ እንኳ ቦታ የሚቀይረው በቃለ ጉባኤ ነው።
2. እናት፣ የንብረትና የቁልፍ ኃላፊ።
3. አክስት፣ የሰብሳቢው ታናሽ እህት፣ ነርስ።
4. ታላቅ ወንድም፣ የመኪና መካኒክ።
5. ሴት ልጅ፣ የላፕቶፑ ባለቤትና የስብሰባው ጸሐፊ። ጸሐፊ የሆነችው እጇ ፈጣን ነው ተብሎ ነው። ድምፅ የላትም። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ምርመራ እየተደረገለት ስለሆነ ይህን የምትጽፈው በእስክሪብቶ ነው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ተሟልቷል። ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ ቆጥረዋል። በመጀመሪያው ቆጠራ ራሳቸውን በመርሳታቸው አራት ሰው ብቻ ተገኝቶ ስብሰባው ሊበተን ነበር።

አጀንዳ፦
1. ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ
2. የላፕቶፑ ዋይፋይ መድከምና መቆራረጥ
3. ልዩ ልዩ

አጀንዳ 1

ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነበበ። ዋናው ውሳኔ እንዲህ ይላል፦ «ራውተሩ ውድ ንብረት ስለሆነ፣ አቧራም ስለማይወድ፣ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ እንዲቀመጥ፣ ቁልፉም በእናት እጅ እንዲሆን።» ጸሐፊዋ ማሻሻያ አለኝ ብላ እጇን አወጣች። ድምፅ የሌለው ሰው ማሻሻያ እንደማያቀርብ ተነግሯት እጇን አወረደች። በአራት ድምፅ ጸደቀ።

አጀንዳ 2

ጸሐፊዋ እንደ ባለጉዳይ ቀርባ እንድታስረዳ ተፈቀደላት። በዛሬው ዕለት ልክ 9፡30 በሌላ ከተማ ካለ የካርታ ሥራ ድርጅት ጋር በቪዲዮ የመጨረሻ የሥራ ቃለ መጠይቅ እንዳላት፣ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ መሐል ላይ እንደተቋረጠባት፣ ድርጅቱም ለሦስተኛ ጊዜ ከተቋረጠ አራተኛ የለም ማለቱን ገለጸች። ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ እዚህ የደረሰችበት ይህ ብቻ መሆኑንም አከለች። ከዚያም ላፕቶፑ መኝታ ቤቷ ውስጥ ምንም እንደማይዝ፣ ሳሎን ውስጥ ከቁም ሣጥኑ አጠገብ ሲሆን አንዲት የዋይፋይ መስመር ብቻ እንደሚያሳይ፣ ያቺ መስመርም በየአምስት ደቂቃው እንደምትጠፋ ዘርዝራ፣ ብረት ዋይፋይ አያሳልፍምና ቁም ሣጥኑ ይከፈት ስትል ጠየቀች።

ሰብሳቢው ጥያቄው ከመድረሱ አምስት ደቂቃ በፊት ጉዳዩ መጽደቁን፣ ቀለሙ ሳይደርቅ የሚገለበጥ ውሳኔ ደግሞ በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው አይተው እንደማያውቁ አስረዱ። አጀንዳው የላፕቶፑ ድክመት ነው፤ የቁም ሣጥኑ ስም አልተጠራም አሉ። ጸሐፊዋ ነገሩ ጆሮ ዳባ ልበስ መባሉ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ አለች። ይኸው ተይዟል።

አክስት ላፕቶፑን በመዳፋቸው ዳብሰው ትኩሳት አለው አሉ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ማታ ማታ ይብስበት እንደሆነ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ስታስረዳ አላስጨረሷትም፤ ሕመምተኛው ራሱ ቢናገር ይሻል ነበር ብለው አዘኑ። ከረዥም ውይይት በኋላ ላፕቶፑ ጠፍቶ ለአሥራ አምስት ደቂቃ እንዲያርፍ ተወሰነ። በዕረፍቱ ጊዜ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወራ።

8፡25 ላይ ሲበራ ያው አንድ መስመር ታየ። አክስት ቢያንስ አልባሰበትም ሲሉ ውጤቱን በበጎ መዘገቡ።

ታላቅ ወንድም እስካሁን የተደረገው እጅ እግር የሌለው ነገር ነው አለ። በጋራዥ ልምዱ አንድ ነገር እምቢ ሲል ፈትቶ እንደገና መግጠም እንጂ ማስታመም እንደማይሠራ ገልጾ፣ ማንም ሳይፈቅድለት ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ። ጸሐፊዋ «ምን ልታደርግ ነው?» ብላ ጠየቀች። «የቤታችንን ዋይፋይ አስረስቼው እንደ አዲስ ላስተዋውቀው ነው» ሲል መለሰ። አስረሳው። ላፕቶፑ እንደ አዲስ ለመተዋወቅ የይለፍ ቃል ጠየቀ። ወንድም ወደ ሰብሳቢው አየ፣ ሰብሳቢው ወደ እናት አዩ፣ እናት ወደ ጣሪያው አዩ። የይለፍ ቃሉ የተጻፈው ራውተሩ ሆድ ላይ፣ ራውተሩ ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ መሆኑ ታወቀ። ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ አንዷም መስመር የለችም። ሰዓቱ 8፡41 ነው። ጸሐፊዋ ለወንድሟ የተናገረችው ከሥነ ሥርዓት ውጪ በመሆኑ እንዳይጻፍ ታዟል።

ሰብሳቢው ለንባብ ብቻ የሚደረግ መክፈት ከመክፈት እንደማይቆጠር የሚገልጽ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። ቁም ሣጥኑ ለሁለት ደቂቃ ተከፍቶ፣ የይለፍ ቃሉ ተነቦ፣ ተመልሶ እንዲቆለፍ ነው። «ሁለት ደቂቃ» ወይስ «ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ» ይባል በሚለው ላይ ሰብሳቢውና አክስት ውሃ ቀጠነ እየተባባሉ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጁ። «ያልበለጠ» አሸነፈ።

የቁልፍ ኃላፊዋ ቁልፉን እንዲያቀርቡ ተጠየቁ። ጠፍቷል አሉ። የፈላጊ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሶፋው ተገለበጠ። ያልተገኘው ቁልፉ ብቻ ነው፤ የሰብሳቢው መነጽርስ ሁለተኛው ተገኝቷል። 9፡08 ላይ ወንድም፣ በእማዬ አንገት ላይ በክር የተንጠለጠለው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። እናት የሌላ ነገር ቁልፍ ነው አሉ። የየትኛው ነገር ተብለው ሲጠየቁ ቁልፉን ወደ ቀሚሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ሰብሳቢው የንብረት ኃላፊዋ ለቤቱ መልስ እንዲሰጡ ጠየቁ። እናት የተናገሩት ቃል በቃል እንዲጻፍ ጸሐፊዋ በራሷ ሥልጣን ወስናለች፦

«እናንተ አቧራ አቧራ ትላላችሁ። እኔ ስለ አቧራው ምን ገዶኝ። ይሄ ነገር መኝታ ቤቷ በር ላይ ተሰክቶ እያለ ልጄን የማያት ምሳ ሰዓት ብቻ ነበር፤ በሯን ዘግታ ውላ ታመሻለች። ሣጥን ውስጥ ከገባ ወዲህ ኔትወርክ ፍለጋ እዚህ እኔ አጠገብ መጥታ ትቀመጣለች። እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ሲቋረጥባት ቀና ትልና ታወራኛለች። አሁን ደግሞ ከፍቼ በገዛ እጄ ወደ ሌላ ከተማ ልሸኛት? ሆዴ እምቢ አለኝ፤ ሌላ ምን ልበል።»

አክስት አፍንጫቸውን ጠረጉ። ሰብሳቢው አቧራውን የተመለከተው አንቀጽ ላይ ትኩር ብለው ቆዩ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ «እማዬ፣ ሃያ ደቂቃ ቀርቶኛል» አለች። እናት ክሩን ከአንገታቸው አውልቀው፣ «እኔ ላስቀርሽ አይደለም፤ እንዳይከፋኝ ነበር» ብለው ቁልፉን እጇ ላይ አኖሩት።

9፡13 ላይ ቁም ሣጥኑ ተከፈተ። ራውተሩ ከሦስት ትሪዎች ጀርባ፣ በዳንቴል ተጠቅልሎ ተገኘ። አቧራ የለበትም። ሲገለበጥ ግን የይለፍ ቃሉ አልታየም፤ በላዩ ላይ «ንብረት ቁጥር 47» የሚል ወረቀት ጥብቅ ተደርጎ ተለጥፏል። ማን እንደለጠፈው ተጠየቀ። ሰብሳቢው በደንቡ መሠረት መለያ ቁጥር የሚለጠፈው ከሥር መሆኑን፣ ሙጫውንም ጥሩውን መርጠው እንደገዙ አስረዱ።

አክስት ቦርሳቸውን አስመጥተው፣ ጥጥ በአልኮል ነክረው፣ የልጅ ቁስል እንደሚነካ ሰው ጠርዝ ጠርዙን እያራሱ ላጡት። በዚህ ስብሰባ ሥራ የሠራ ሰው መጀመሪያ የታየው እዚህ ላይ ነው። 9፡27 ላይ አሥራ ሁለቱ ፊደላትና ቁጥሮች ተነበቡ፤ ወንድም ጮክ ብሎ አነበበ፣ ጸሐፊዋ ላፕቶፑ ላይ ጻፈች፣ እናት ራውተሩን ከነተሰካው ገመዱ ከፍ አድርገው ያዙት። አራቱም መስመሮች ሞሉ።

ወደ ሌላ ክፍል ለመሄድ ጊዜ ስላልነበረ ቃለ መጠይቁ በስብሰባው ፊት ተካሄደ። ከዚያ በኩል ሦስት ሰዎች ታዩ። ከኋላሽ ያሉት እነማን ናቸው ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ብድግ ብለው ኮሚቴውን አስተዋወቁ፤ በእነሱም በኩል ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን አረጋገጡ። ከጠያቂዎቹ አንዷ፣ ከአስቸጋሪ ቡድን ጋር ሠርተሽ ታውቂያለሽ ወይ አለቻት። ጸሐፊዋ አሁንም እየሠራሁ ነው ስትል መለሰች። አርባ ደቂቃ ሙሉ አንዴም አልተቋረጠም። እናት አርባውንም ደቂቃ ራውተሩን ከደረታቸው አላወረዱትም፤ መቀመጥ እንደሚችሉ በምልክት ቢነገራቸውም አልሰሙም።

10፡10 ላይ ጠያቂዎቹ ሥራው የጸሐፊዋ መሆኑን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰኞ ቀን እንድትጀምር ነገሯት። ወንድም አጨበጨበ። እናት እልል አሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ከዛሬ ጀምሮ ራውተሩ በቋሚነት ከቁም ሣጥኑ ወጥቶ መኝታ ቤቶቹ መካከል እንዲሰካ፣ የንብረት ቁጥሩ ከጎን እንዲለጠፍ፣ ያለፈው ውሳኔም እንዲሻር ሐሳብ አቀረቡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጸሐፊዋ ድምፅ እንዲሰጣት ጠየቀች። ሥራ የያዘ ሰው ድምፅ እንዳለው በደንቡ ባይጻፍም ሰብሳቢው ፈቀዱ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በጸሐፊዋ አቅራቢነት በዚህ ስብሰባ ስለ ራውተሩ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ራውተሩ ለቀሩት ሦስት ሳምንታት ወደ ብረት ቁም ሣጥኑ ተመልሶ እንዲቆለፍ፣ ቁልፉም እናት አንገት ላይ እንዲሆን፣ ጸሐፊዋም ላፕቶፗን ይዛ ሳሎን እንድትቀመጥ። ድምፅ ተሰጠ። እናት ሁለት እጃቸውን አወጡ፤ እንደ አንድ ድምፅ ተቆጠረ።

ስብሰባው 10፡35 ላይ ተበተነ። ከጸሐፊዋና ከእናቷ በቀር ሁሉም ከሳሎን ወጥተዋል።