በሐጂው ብስክሌት ወደ ሻይ ቤት

መንገድ የሚዘጋ ሰው ሁሉ ክፉ ይመስለኝ ነበር። ካርቱም ይህን አስተሳሰቤን አስተወችኝ። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ እዚህ ከተማ መንገድ የማይዘጋ ሰው ማግኘት ነው የሚከብደው። ወጣቶቹ በጡብና በጎማ የሰፈሩን መግቢያ ይዘጋሉ፤ ወታደሩ በበኩሉ ድልድዩን ይዘጋል፤ ሁለቱም ደከም ሲላቸው ደግሞ የቤንዚን ወረፋው ከማደያው ተነስቶ፣ ሁለት ሦስት አደባባይ ዞሮ፣ የቀረውን ይዘጋል። መኪና ያለዎት ከሆነ ያዝናሉ። እኛ ግን የብስክሌት ክበብ አቋቋምን።

ክበብ ስል ትልቅ ነገር እንዳያስቡ። ሦስት ሰዎችና ሁለት ብስክሌቶች ነን። ሊቀመንበራችን ያሲር እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ አባቱ ሱዳናዊ፣ እዚሁ አል-ሳሃፋ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ አማርኛው እንደሚጠግናቸው ብስክሌቶች መሀል መንገድ ላይ ሰንሰለቱ ይወልቃል። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ውሃ እይዛለሁ ማለት ነው። ሦስተኛው ጋሽ ደምሴ፣ አል-ማንሺያ የአንድ ሐጂ ቤት ዘበኛ ናቸው። የራሳቸው ብስክሌት የላቸውም። ሐጂው ግን ሐኪም አዞላቸው የገዙት፣ ሁለት ጊዜ ነድተው ጋራዥ ያቆሙት አረንጓዴ ብስክሌት አላቸው።

ጋሽ ደምሴ ፈቃድ አልጠየቁም። «ብስክሌት ቆሞ ሲከርም ጎማው ይሞታል፤ እኔ ደግሞ ንብረት ጠባቂ ነኝ» ይላሉ። ንብረቱን እስከ ገጠር ድረስ ይዘውት ይሄዱና ሐጂው ሳያዩ ወልውለው ይመልሱታል። ቢታወቅ ሥራቸውም፣ የሚያድሩባት ክፍልም፣ የመኖሪያ ወረቀታቸውም በሐጂው እጅ ነው።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጠሙ። የምንሄድበት የመንደር ሻይ ቤት የሚከፈተው ፀሐይ ስትገባ ስለሆነ፣ እኛም ከሰዓት በኋላ ዓባይን ይዘን፣ እየተጨዋወትን፣ ፍየል ሲያልፍ እየቆምን ወደ ደቡብ ወረድን። ሐጂው ከወንዝ ማዶ፣ ኦምዱርማን፣ አማቶቻቸው ዘንድ ሊያፈጥሩ ሄደዋል። በሩን የጎረቤት ዘበኛ ያያል። ሁሉም ነገር ታስቦበታል።

ሻይ ቤቱ ልንደርስ አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀረን መንገዱ ተዘጋ። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሰዎች ከዳር እስከ ዳር ቆመው ጥምጣማቸውን እንደ ገመድ ወጥረዋል።

«ያላ፣ ውረዱ! ሸባብ ናቸው፣ የአብዮቱ ወጣቶች፣ መንገድ ዘግተዋል!» አለ ያሲር።

የተዘጋ መንገድ ሥርዓት እናውቃለን። ወረድን፤ ሁለት ሁለት ጣታችንን ወደ ላይ ቀሰርን፤ ሲቪል መንግሥት እንደምንደግፍም እንዲታወቅልን «መደንያ! መደንያ!» እያልን በአንድ ድምፅ ጮኽን።

ጥምጣሙን የያዙ አንድ ሽማግሌ ጣቶቻችንን በትዕግሥት ተመለከቱ። «መደንያም ትመጣለች፣ ኢንሻአላህ» አሉ። «መጀመሪያ ግን ብሉ።»

ለካ በዚያ መንገድ ዳር ያሉ መንደሮች ልማድ ነው፤ በማፍጠሪያ ሰዓት መንገደኛ አያሳልፉም። ጋሽ ደምሴ ለመሄድ ቸኩለው ነበርና «እኛም እኮ ጾመኞች ነን» ብለው ሊከላከሉ ሞከሩ።

«አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉና ሽማግሌው ክንዳቸውን ይዘው ምንጣፉ ላይ አስቀመጧቸው።

ጋሽ ደምሴ ሊታጠቡ እጃቸውን ዘረጉ። ውሃው ወረደ፤ ቀና ሲሉ ማንቆርቆሪያውን የያዙት ሐጂው ናቸው። በዕለቱ ሰልፍ ነበርና ወታደሩ የኦምዱርማንን ድልድይ ዘግቶት ኖሮ፣ ሐጂው አማቶቻቸውን ትተው ወደ ትውልድ መንደራቸው መጥተዋል። ያላሰብነው ይህን ብቻ ነበር።

ሐጂው ጋሽ ደምሴን አዩ። ዛፍ የተደገፈውን አረንጓዴ ብስክሌት አዩ። ከዚያ እንደገና ጋሽ ደምሴን።

«ወላሂ፣ እኔም ልክ እንደዚህ ያለ አለኝ» አሉ።

«አለዎት፣ ጌታዬ» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ከማንቆርቆሪያው ባነሰ ድምፅ።

«ብላ፣ ደምሴ። እንግዳዬ ነህ። ነገ ጠዋት ግን ሠራተኛዬ ነህ።»

ሥጋውን ወደ እሳቸው ገፉት። እዚህ ላይ ሰውዬው ወንድ ሆኑ ልበል? በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐጂውን እንቢ አሉ፤ ሁዳዴ ነዋ። ሐጂው ፈገግ ብለው ተምሩንና ምስሩን አቀረቡላቸው። እኔና ያሲር ደግሞ የሰው ጭንቀት የምግብ ፍላጎት እንደማይዘጋ አረጋገጥን።

በማግስቱ ጋሽ ደምሴ ሻንጣቸውን ሸክፈው በሩ አጠገብ ቆሙ። ሐጂው ወጥተው ሻንጣውን አዩና «እዚያ ድረስ በብስክሌት የሚሄድ ሰው ዳቦ ቤቱ አይርቀውም» ብለው ገቡ። ፍርዱ ይኸው ነበር። ጋሽ ደምሴ በየንጋቱ በአረንጓዴው ብስክሌት የዳቦ ወረፋ ይይዛሉ። እግራቸው ከመጠንከሩ የተነሳ በአርብ ጉዟችን ጀርባቸውን እንኳ ማየት አቅቶናል፤ ደግሞም ከእኛ ውስጥ ፈቃድ ያላቸው እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ሳያነሱ አይውሉም።

ባለፈው ሳምንት ሐጂው የክበቡ አባል መሆን እንደሚፈልጉ ላኩብን። ደስ ይለን ነበር። ችግሩ ብስክሌት የላቸውም። ጋሽ ደምሴን ብንጠይቃቸው ሰማይ ሰማዩን አዩ። ስለዚህ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁመናል፤ ጊዜውም የሽግግር ነው፣ ማን ይቸኩላል?