ጀርመንና ሩሲያ በወይዘሮ ዘርፉ ፊት ላይ

[ናዝሬት፣ 1973 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል። የወልደአማኑኤል ፎቶ ቤት። ባለቤቱ ወልደአማኑኤል ሁለት ፎቶዎች ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ እያፈራረቀ ያያል። ሁለቱም ላይ ሚስቱ ወይዘሮ ዘርፉ ካባ ደርባ፣ ሐይቅ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ተቀምጣለች። ፊልም አጣቢው ፈዬራ ጥግ ላይ የብስክሌት ጎማ ይነፋል።]

ወልደአማኑኤል፦ ዓይን የለህም አልኩህ! አፍንጫዋን እየው እንጂ!

ፈዬራ፦ አየሁት ጋሼ። አፍንጫ ነው።

ወልደአማኑኤል፦ የትኛው?

ፈዬራ፦ ሁለቱም።

ወልደአማኑኤል፦ ተው እንጂ ሰውዬ! ይሄ በጀርመኑ ካሜራ የተነሳው ነው። ቀጥ ያለ፣ የቤተ መንግሥት አፍንጫ!

ፈዬራ፦ ቀስ ይበሉ ጋሼ! የቀበሌው ጓድ አምባዬ ከግድግዳው ወዲያ ናቸው።

ወልደአማኑኤል፦ እሺ፣ የሰፊው ሕዝብ አፍንጫ። ያኛው ደግሞ በሩሲያው የተነሳው ነው። ኅብረት ሱቅ በር ላይ ተራ ሲጠብቅ የዋለ አፍንጫ!

ፈዬራ፦ የአንድ ሰው አፍንጫ እኮ ነው። የወይዘሮ ዘርፉ።

ወልደአማኑኤል፦ የሚስቴን አፍንጫ አንተ ነህ የምትነግረኝ? ሃያ ዓመት ሙሉ አየሁት፤ ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ግን ዛሬ በጀርመን ሌንስ ነው!

ፈዬራ፦ ጋሼ፣ ስለ ጀርመኑ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር...

ወልደአማኑኤል፦ ዝም በል! ዓይንህ ራሱ የሩሲያ ነው። ይልቅ ጎማውን ቶሎ ንፋ፤ ደሊል ስድስት ሰዓት ላይ ከሶደሬ ይመጣል።

ፈዬራ፦ ለሙከራ የተወልንን ካሜራ ሊወስድ?

ወልደአማኑኤል፦ ሊወስድ? ሊተውልኝ ነው እንጂ! እኔ የሩሲያውን እሰጠዋለሁ፣ እሱ የጀርመኑን ይተውልኛል። ብስክሌቷን መርቄለታለሁ።

ፈዬራ፦ [ፓምፑ ከእጁ ይወድቃል] የትኛዋን ብስክሌት?

ወልደአማኑኤል፦ ስንት ብስክሌት አለን?

ፈዬራ፦ ያ ዋቃ! እኔ መልካሳ በምን ልገባ ነው?

ወልደአማኑኤል፦ በእግርህ ነዋ። የጀርመን ሌንስ ያለው ፎቶ ቤት የሚሠራ ሰው በእግሩ ቢሄድም አያፍርም።

ፈዬራ፦ የሩሲያው ካሜራ እኮ ዘጠኝ ዓመት እንጀራችን ነው ጋሼ። ከተማው ሁሉ የመታወቂያ ፎቶ የተነሳው በእሱ ነው።

ወልደአማኑኤል፦ ለዚህ ነዋ ከተማው ሁሉ ከእስር ቤት ያመለጠ የሚመስለው!

ፈዬራ፦ ቀስ ይበሉ አልኩ! ሩሲያ ወዳጅ አገር ነው።

ወልደአማኑኤል፦ [ወደ ግድግዳው ጮክ ብሎ] ጀርመንም ወዳጅ ነው! የምሥራቁ ጀርመን ነው! [በሹክሹክታ] የምዕራቡ ነው።

ፈዬራ፦ የቱ ነው ታዲያ?

ወልደአማኑኤል፦ ጓድ አምባዬ ሲመጡ የምሥራቁ፤ ደንበኛ ሲመጣ የምዕራቡ። ይሄም ይጠፋሃል? ና እስቲ ሐይቁን እየው። በጀርመኑ ውሃው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ታያለህ?

ፈዬራ፦ መጋረጃ ላይ የተሳለ ሐይቅ እኮ ነው።

ወልደአማኑኤል፦ ሌንስ ማለት ይሄ ነዋ! በሩሲያው ግን እየው፤ ቀለም ይመስላል።

ፈዬራ፦ ቀለም ነዋ ጋሼ! ባለፈው ፋሲካ እኔ ነኝ የቀባሁት።

ወልደአማኑኤል፦ ሳቋንስ? በጀርመኑ እየሳቀችልኝ ነው። በሩሲያው ደግሞ ልትቆጣኝ አፏን ስትከፍት ነው። እስከ ዛሬ የቤቴ ጠብ ሁሉ የሌንስ ጉዳይ ነበር ማለት ነው!

ፈዬራ፦ ጋሼ፣ ትናንት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልሙን ሳጥብ...

ወልደአማኑኤል፦ ማጠቡን እጠብ፣ መፍረዱን ለእኔ ተወው። [ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ብስክሌቷን ዞሮ ያያል፤ ተመልሶ አንዱን ያነሳል] እየው ይሄን ጥላ! ከአገጯ ሥር ቀስ ብሎ ሲወርድ! ይሄን ከጀርመን ሌላ ማን ይችለዋል?

ፈዬራ፦ [ጎንበስ ብሎ የፎቶውን ጀርባ ያያል] ጋሼ፣ እዚህ ላይ «ሩ» ነው የሚለው።

ወልደአማኑኤል፦ አምጣ! [ያያል] ... ለዚህ ነዋ ጥላው የበዛው! ልፈትንህ ብዬ ነው፤ ይኸው ወደቅህ።

ፈዬራ፦ ምን አልኩና ነው የወደቅኩት?

ወልደአማኑኤል፦ ጀርባውን አየሃ! ሌንስ የሚያውቅ ሰው የሚያየው ፊቱን ነው።

ፈዬራ፦ እርስዎም ቅድም መጀመሪያ ጀርባውን አይተው ነው...

ወልደአማኑኤል፦ እኔ ያየሁት ለማረጋገጥ ነው። አንተ የምታየው ለማወቅ ነው። ልዩነት አለው! እንዲያውም ፓምፑንም ጨምርለት።

[በሩ ይንኳኳል። ከውጭ «ጋሼ ወልዴ፣ ደሊል ነኝ! ብስክሌቷ ተዘጋጀች?» የሚል ድምፅ ይሰማል።]

ወልደአማኑኤል፦ ክፈትለት!

ፈዬራ፦ [ዘሎ በሩን በጀርባው ይደግፋል] ቢፈልጉ ያባሩኝ፣ አልከፍትም! የጀርመኑ ፊልም ላይ ምንም የለም!

ወልደአማኑኤል፦ ምንም እንከን የለም። ከጠዋት ጀምሮ እሱን አይደል የምልህ?

ፈዬራ፦ እንከንም የለም፣ ወይዘሮ ዘርፉም የሉም። ሳጥበው እንደ መስኮት መስተዋት ባዶውን ወጣ!

ወልደአማኑኤል፦ [አንዱን ፎቶ እያወዛወዘ] ታዲያ ይቺ ማን ናት?

ፈዬራ፦ ወይዘሮ ዘርፉ፣ በሩሲያው።

ወልደአማኑኤል፦ ይቺስ?

ፈዬራ፦ እሷም ወይዘሮ ዘርፉ፣ በሩሲያው። ከአንዱ ፊልም ሁለት ፎቶ አወጣሁና አንዱ ላይ «ጀ»፣ አንዱ ላይ «ሩ» ብዬ ጻፍኩ።

ወልደአማኑኤል፦ [ቀስ ብሎ ይቀመጣል] አፍንጫውስ?

ፈዬራ፦ አንድ አፍንጫ ነው ጋሼ።

ወልደአማኑኤል፦ ሳቁስ?

ፈዬራ፦ ያው ነው። ከቁጣውም ጋር ያው ነው።

ወልደአማኑኤል፦ ለምንድን ነው ባዶ የወጣው?

ፈዬራ፦ የሌንሱን ክዳን ሳይከፍቱ ነዋ ያነሷቸው! የእኛ የሩሲያው የሚያሳየው በሌንሱ በራሱ ነው፤ ክዳን ካለበት ጨለማ ነው። የጀርመኑ ማያ ቀዳዳ ግን ከሌንሱ በላይ ለብቻው ነው። ሌንሱ ቢከደንም ሰው ወለል ብሎ ይታያል።

ወልደአማኑኤል፦ ይሄን እያወቅህ ዝም ትለኛለህ?

ፈዬራ፦ በምን አፌ ልንገርዎት? ወይዘሮ ዘርፉ በዚህ በናዝሬት ሙቀት ካባ ደርበው ሁለት ሰዓት ተቀምጠዋል። ክዳን ላይ ነው የሳቁት ብል፣ እሳቸው ሰምተው ማደሪያ ያሳጡዎት ነበር። ዛሬ ደግሞ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ዓይንህ የሩሲያ ነው ይሉኛል።

[በሩ እንደገና ይንኳኳል። ወልደአማኑኤል ግንባሩን ይይዛል። ድንገት ተነስቶ የጀርመኑን ካሜራ ያነሳና ክዳኑን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል።]

ወልደአማኑኤል፦ ቆይ፣ ቆይ! ስንት አምፖል አብርተን ነበር?

ፈዬራ፦ ሁለት፤ ትልልቆቹን።

ወልደአማኑኤል፦ ከዚያ ሁሉ መብራት አንዲት ጭላንጭል እንኳ አልገባችም?

ፈዬራ፦ አንዲትም።

ወልደአማኑኤል፦ [ፊቱ ይበራል] አየህ ጀርመንን! ክዳናቸው እንዲህ ከሆነ ሌንሳቸው ምን ሊሆን ነው! የሩሲያ ክዳን ቢሆን ኖሮ ግማሽ ፊቷ ሾልኮ ይወጣ ነበር! በል ክፈት፣ ብስክሌቷን ይውሰድ!

ፈዬራ፦ [በሩን ሳይለቅ] ጋሼ... ደሊል ካሜራውን ያመጣው ያለ ክዳን ነው። አቧራ እንዳይገባበት ብዬ የራሳችንን የሩሲያውን ክዳን የገጠምኩለት እኔ ነኝ።

[ወልደአማኑኤል ክዳኑን ነቅሎ ያገላብጣል። ከውስጥ በኩል የሩሲያ ፊደል አለበት። ካሜራውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል።]

ወልደአማኑኤል፦ ካሜራውን በመስኮት ስጠውና የለም በለው።

ፈዬራ፦ ማን የለም ልበለው?

ወልደአማኑኤል፦ ሌንስ የሚያውቅ ሰው በዚህ ቤት የለም በለው።

ፈዬራ፦ [ካሜራውን አንስቶ ወደ መስኮቱ እየሄደ] ጋሼ የሉም እለዋለሁ እንጂ፣ እኔ እዚህ እያለሁ እንደሱ ካልኩትማ መዋሸቴ ነው።