ፍራሽ ስር ያለችው ጣውንቴ

ሰው በብዙ ነገር ይቀናል። በጎረቤቱ ትዳር ይቀናል፣ በእህቱ ወርቅ ይቀናል፤ ይሄ ያለ ነው፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ሳውዲ፣ ጂዛን ተቀምጬ የቀናሁት ፍራሽ ስር በተነጠፈች ቀጭን ጨርቅ ነው። ሳቁ፤ ምን ከለከላችሁ።

የማስታምማቸው ሀጃ ልባቸው ደካማ ነው። ሰውነታቸው ውሃ ሲቋጥር በጀርባቸው መተኛት ያፍናቸዋል፤ ያኔ ትራስ እጨምርላቸዋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጃቸው ኑራ ከሪያድ በየቀኑ እየደወለች «ዘሃራ፣ በስንት ትራስ ተኛች?» ትለኝ ነበር። አንድ ካልኩ ደስ ይላታል፤ ሦስት ካልኩ ሐኪም ይጠራል። በዚህች ትራስ ቆጠራዬ እንዴት እኮራ እንደነበር አትጠይቁኝ።

ከዚያ ኑራ የገዛቻት ጨርቅ መጣች። ገላ ሳትነካ፣ መርፌ ሳትወጋ፣ እዚያው ፍራሽ ስር ሆና ትንፋሽና የልብ ምት እየቆጠረች ወደ ኑራ ስልክ ትልካለች። ኑራም እኔን መጠየቅ ተወች። ጣውንት መጣችብኝ በሉት። አንሶላ ስቀይር ሆን ብዬ በክርኔ እጫናት ነበር።

አንድ ሰሞን ሀጃ ጭራሽ መተኛት አቃታቸውና ወንበር ላይ ተቀምጠው ማንጎላጀት ጀመሩ። ኑራ ከሰማች ሪያድ ልትወስዳቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጸጉራቸው ላይ ከሚሰኩት፣ ፉል ከሚባለው የግቢያቸው ነጭ አበባ መለየት አይፈልጉም። «አልጋዬ ላይ አንቺ ተኚ። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ኸላስ» አሉኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ጣውንቴ ስትዋሽ ለማየት ጓጉቼ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ኑራ በደስታ ደወለች። የእናቷ ትንፋሽ ተስተካክሏል፤ «ጎህ ሲቀድ ብቻ ልቧ ይሮጣል፣ ምናልባት ሟቹን አባቴን በህልሟ እያየች ይሆናል» አለችኝ። ከዚያ ጨርቋን አመሰገነች። በንዴት ጨስኩ።

ያን ቀን ሀጃን ለሶላት ውዱእ ሳስደርግ ያበጠ እግራቸውን ብነካው የጣቴ ምልክት እንደጎደጎደ ቀረ። ቅናቱም ንዴቱም ጥሎኝ ሄደ። ስልኩን አንስቼ «ያ ትንፋሽ የኔ ነው። እናትሽ ወንበር ላይ ናቸው፤ አምቡላንስ ላኪ» አልኳት።

ሀጃ ሆስፒታል ሰንብተው፣ ውሃው ወጥቶላቸው፣ ወደ ፉል አበባቸው ተመለሱ። እኔን ግን አራት ቀን አኮረፉኝ። ኑራም የትራስ ጥያቄዋን እንደገና ጀመረች፤ ጣውንቴን አሸነፍኳት ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ትናንት እንደልማዷ «በስንት ትራስ?» አለችና ሳልመልስላት፣ «ዘሃራ፣ ጎህ ሲቀድ በህልምሽ የምታዪው ማንን ነው?» አለችኝ።

ለእናቴ ትቻት የመጣኋት ልጄ ወሎ ናት፤ ዘንድሮ ሰባት ዓመት ሞላት። በስድስት ዓመት ውስጥ በዚህ ቤት ስሟን አንስቼ አላውቅም፤ የጠየቀኝም የለም። ጣውንቴ ግን በሦስት ቀን ምስጢሬን አወጣችብኝ።

«በሁለት ትራስ» አልኳት።